ለ4,000 ኪሎ ሜትር የሳይክል ውድድር የትኛውን ቫይታሚን ልውሰድ?



ከሁለት ሳምንት በፊት በውስጥ መስመር አንድ መልእክት ደረሰኝ። ላኪው ጀርመን አገር የሚኖር፣ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ወንድማችን ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ታሪኩን እንዳነሳው ግን ፈቅዶልኛል። መልእክቱ አጭር ነበር፦ «ዶክተር እንደምን አሉ? በመጪው ሐምሌ 4,000 ኪሎ ሜትር የሳይክል ውድድር አለብኝ። የትኛውን ቫይታሚን ብወስድ ይሻለኛል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ 400 ሊል ፈልጎ አንድ ዜሮ የጨመረ መስሎኝ ነበር። ስጠይቀው ግን አልተሳሳተም። እንደውም የዝግጅት እቅዱን በፋይል ላከልኝ። ሳነበው አመሸሁ። የሳይክሉ ክብደት በግራም፣ የልብሱ ክብደት በግራም፣ የጥርስ ብሩሹ ሳይቀር እጀታው ተቆርጦ በግራም ተጽፏል። የስምንት ወር ልምምድ በየሳምንቱ ተከፋፍሏል። ስለ እንቅልፍ ግን አንድ መስመር ብቻ ነበረች፦ «የመጀመሪያው ሌሊት አልተኛም፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሁኔታው፣ 2 ሰዓት።»

ዛሬ የምጽፈው ስለዚች አንድ መስመር ነው። ሳይክል የማትነዱም አብራችሁኝ ቆዩ፤ ነገሩ እናንተም ጋ ይደርሳል።

ውድድሩ ምንድን ነው?

ትራንስኮንቲኔንታል ይባላል። አውሮፓን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ የብስክሌት ውድድር ነው። የጀመረው ማይክ ሆል የሚባል እንግሊዛዊ ብስክሌተኛ ሲሆን የመጀመሪያው በ2013 እ.ኤ.አ. ከለንደን ኢስታንቡል ተደረገ። መነሻና መድረሻው በየጊዜው ይቀያየራል፤ ርቀቱ ግን 4,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ፈጣኖቹ በ10 ቀን ገደማ ይጨርሱታል፤ ብዙዎቹ ሁለት ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

ቱር ደ ፍራንስን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ይሄንን ሲሰማ ያንኑ ይመስለዋል። አይደለም። ቱር ደ ፍራንስ ላይ ከኋላ መኪና ይከተላል፣ ውኃ ይቀበላሉ፣ ማታ ሆቴል ገብተው ይታሻሉ፣ ሰዓቱም ይቆማል። እዚህ ግን ሰዓቱ አይቆምም። ብትተኛም ይቆጥራል፣ ብትበላም ይቆጥራል፣ ሽንት ቤት ብትገባም ይቆጥራል። ከሌላ ሰው ጀርባ ተጠግቶ ከነፋስ መከለል ክልክል ነው። ጓደኛ መንገድ ላይ ጠብቆ ምግብ ሊሰጥህ አይችልም። ለማንም ክፍት የሆነ ሱቅ፣ ሆቴል፣ የሳይክል ጥገና ቤት መጠቀም ግን ይቻላል። የግዴታ መቆጣጠሪያ ጣቢያዎች አሉ፤ በመካከላቸው ያለውን መንገድ የሚመርጠው ተወዳዳሪው ራሱ ነው። ባጭሩ እንደ ድሮ ዘማች ስንቅህንም ትጥቅህንም ራስህ ይዘህ ነው የምትወጣው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ያለበትን ቦታ በሳተላይት የሚናገር ትንሽ መሣሪያ ይይዛል። ቤተሰብ ቤት ቁጭ ብሎ ካርታ ላይ አንዲት ነጥብ ስትንቀሳቀስ ያያል። የዚህ ወንድማችን ባለቤትና የአምስት ዓመት ልጁ ያችን ነጥብ ሊከታተሉ ነው። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የኔ አቋም

«አትሂድ» የሚል ሐኪም አይደለሁም። ጤናማ ሰው ተዘጋጅቶ ረጅም መንገድ ቢነዳ ደስ ይለኛል። እኛ ዶክተሮች ሁሉንም ነገር «ተው» ካልን ሰው መጠየቁን ያቆማል እንጂ ማድረጉን አያቆምም።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ የእንቅልፍ እቅድ የሌለው ሰው ለዚህ ውድድር አልተዘጋጀም። እግሩ ቢዘጋጅም፣ ሳይክሉ ቢዘጋጅም፣ እሱ አልተዘጋጀም። «እንደ ሁኔታው» የሚባል የእንቅልፍ እቅድ ደግሞ የለም። ለምን መሰላችሁ? ሁኔታውን የሚመዝነው አእምሮ ነው፤ እንቅልፍ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚበላሸው ደግሞ ያው መመዘኛው ነው። ስለዚህ የት፣ መቼ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ መወሰን ያለብህ ቤትህ ቁጭ ብለህ፣ ጠግበህ ተኝተህ በተነሳህበት ቀን ነው። ተጽፎ ማለቅ አለበት።

ይሄን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው።

የራሴ ታሪክ

ኢንተርን በነበርኩበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከአዳር ተረኝነት ወጣሁ። ከተነሳሁ 33 ሰዓት አልፎኝ ነበር። ያኔ ይሄ ጉራችን ነበር፤ «እኔ 30 ሰዓት»፣ «እኔ 36 ሰዓት» እየተባባልን እንፎካከር ነበር። ጓደኛዬ «እዚሁ ትንሽ ተኛ» ሲለኝ «ደህና ነኝ፣ ሻይ ጠጥቻለሁ» አልኩት። ደግሞ አልዋሸሁትም፤ ደህና የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

የወንድሜን ቪትዝ እየነዳሁ ቀለበት መንገድ ላይ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ድምፅ ነው። ጎማው የመንገዱን አካፋይ ሲመታ ነቃሁ። ከፊት ለፊቴ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ልጇን በጀርባዋ ያዘለች ሴትዮ ለመሻገር ቆማለች። መኪናው ቆመ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ይቅርታ ለመጠየቅ መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ «እግዜር አተረፈህ ልጄ» አለችኝ። እሷንና ያዘለችውን ልጅ ማትረፉን ረስታ ለኔ አመሰገነች።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ መተኛቴ አይደለም። «ደህና ነኝ» ያልኩበት እርግጠኝነት ነው።

ሳይንሱ ምን ይላል?

በ1997 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት አለ። ሰዎችን ሳይተኙ አቆይተው ብቃታቸውን አልኮል ከጠጡ ሰዎች ብቃት ጋር አነጻጸሩ። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ያለበትን ሰው ያህል ብቃቱ ወርዶ ተገኘ። 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ 0.10 በመቶ ገደማ ሆነ። 0.05 በብዙ የአውሮፓ አገሮች መኪና መንዳት የሚያስከለክል መጠን ነው። እንግዲህ ወንድሜ «የመጀመሪያው ሌሊት አልተኛም» ሲል፣ በሐኪም ጆሮ «ሁለተኛውን ቀን ሰክሬ እነዳለሁ» እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ቅጽበታዊ እንቅልፍ ነው። ዓይን ተገልጦም ሊሆን ይችላል፤ አእምሮ ለጥቂት ሰከንድ ይዘጋል። አልፕስ ተራራ ላይ ቁልቁለት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው በ3 ሰከንድ ከ40 ሜትር በላይ ይጓዛል። ያን 40 ሜትር ማንም እየነዳው አይደለም። መታጠፊያ ካለ በቃ።

ሦስተኛው የሰውነታችን ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነት ሙቀት ይወርዳል፣ ንቃት ከሁሉም ሰዓት ያንሳል። ለሊት ተረኞችና የረጅም መንገድ ሹፌሮች ይሄን ሰዓት በደንብ ያውቁታል። በዚህ ሰዓት የሚነዳ ሰው ከእንቅልፍም ከጨለማም ጋር ነው የሚታገለው።

አራተኛው፣ «ሰውነቴን ትንሽ እንቅልፍ አለማምደዋለሁ» የሚባለው ነገር ነው። ይቅርታ፣ አይሠራም። እግር ይለማመዳል፣ ልብ ይለማመዳል፣ ሳንባ ይለማመዳል። እንቅልፍ ግን ዕዳ ነው። የሚለመደው የድካሙ ስሜት እንጂ ድካሙ አይደለም። ቀን በቀን ብቃትህ እየወረደ አንተ ግን «ለመድኩት» ትላለህ።

«ግን እኮ አሸናፊዎቹ አይተኙም!»

ወንድሜ የመለሰልኝ እንዲህ ብሎ ነው። ትክክል ነው፣ ፈጣኖቹ ከኛ ያነሰ ይተኛሉ። ይሄን መካድ አልችልም። ግን አንድ ምሳሌ ልስጠው።

በ2019 እ.ኤ.አ. ውድድሩ ከቡልጋሪያዋ ቡርጋስ ተነስቶ ፈረንሳይ ብሬስት ላይ ያበቃ ነበር። አንደኛ የወጣችው ፊዮና ኮልቢንገር የምትባል የ24 ዓመት ጀርመናዊት ናት። ሃይደልበርግ ከተማ በካንሰር ምርምር ላይ የምትሠራ የሕክምና ሰው። በውድድሩ ስትሳተፍ የመጀመሪያዋ ነበር። ወንዶቹን ሁሉ ቀድማ በ10 ቀን ከ2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ጨረሰች፤ ውድድሩን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆነች። በሌሊት አራት ሰዓት ገደማ ትተኛ እንደነበር ያኔ በስፋት ተዘግቧል። አራት ሰዓት ብዙ አይደለም፤ ለማንም የምመክረው መጠንም አይደለም። ግን ዜሮም አይደለም፣ «እንደ ሁኔታው»ም አይደለም።

ሂሳቡንም አብረን እንሥራው። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በቀን 16 ሰዓት ቢነዳ 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከእንቅልፉ 2 ሰዓት ቀንሶ 18 ሰዓት ቢነዳስ? ፍጥነቱ ካልወረደ 450 ይደርሳል። ነገር ግን ድካሙ ፍጥነቱን ወደ 22 ካወረደው፣ 18 በ22 ሲባዛ 396 ነው። ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ከፍሎ አራት ኪሎ ሜትር ከሰረ ማለት ነው። ያውም መንገድ ስቶ የጠፋበትን፣ ቻርጀሩን ሱቅ ረስቶ የተመለሰበትን ሳንቆጥር። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚሉት ይሄን ነው።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የውድድሩ መሥራች ማይክ ሆል መጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ከምዕራብ ዳርቻ እስከ ሲድኒ በሚደረግ ተመሳሳይ ውድድር ላይ እያለ፣ ካንቤራ አጠገብ ሳይነጋ መኪና ገጭቶት አረፈ። ዕድሜው 35 ነበር። እንቅልፍ ነው የገደለው እያልኩ አይደለም። በዓለም ላይ ይሄን ነገር ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር። ለማለት የፈለግኩት መንገዱ ለአዋቂውም አይምርም ነው። አደጋው ካንተ ውጭ ከሆነው ነገር ብዙ ከሆነ፣ በእጅህ ያለውን አንዱን ለምን ትጥለዋለህ?

ታዲያ እንዴት ይዘጋጅ?

ለሱ የጻፍኩለትን እዚህ አስቀምጬዋለሁ። ሌሎች የረጅም ርቀት ተጓዦችም ሊጠቅማችሁ ይችላል።

1. እንቅልፍ። ከውድድሩ በፊት ባለው ሳምንት በየሌሊቱ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ተኛ። ጠግቦ የተኛ ሰው በኋላ የሚመጣውን እጦት በተሻለ ይቋቋማል። በውድድሩ ላይ ከሌሊቱ 7 እስከ 11 ሰዓት ያለውን ጊዜ ለእንቅልፍ ብቻ መድብ፤ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ። በሦስትና በአራት ቀን አንዴ ሆቴል ገብተህ ታጥበህ ስድስት ሰዓት ተኛ። የትኞቹ ከተሞች ላይ እንደሆነ አሁን ካርታው ላይ ምልክት አድርግ።

ቀን ላይ ከደከመህ ደግሞ ቡና ጠጥተህ ወዲያው 20 ደቂቃ ጋደም በል፣ ስልክህን አስጩኸው። ካፌይን ሥራውን የሚጀምረው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ስለሆነ ስትነሳ ይደርስልሃል። ግን ቡና እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አይተካውም፤ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ልትተኛ ስድስት ሰዓት ሲቀርህ ቡናውን አቁም።

2. የማይጣስ ደንብ። ወረቀት ላይ ጽፈህ ሳይክሉ መሪ ላይ ለጥፈው፦ ጭንቅላቴ አንዴ ከተንጠለጠለ፣ ያለፈውን አንድ ኪሎ ሜትር ማስታወስ ካቃተኝ፣ ወይም የሌለ ነገር ካየሁ እወርዳለሁ። ክርክር የለም። ብዙ የዚህ ውድድር ሰዎች ዛፉ ሰው እንደመሰላቸው እየሳቁ ያወራሉ። ለኔ አያስቅም። እሱ አእምሮ «ልጠፋ ነው» ብሎ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው።

3. ልምምድ ከነሙሉ ዕቃው። ቤት ውስጥ የማይንቀሳቀስ ሳይክል ላይ ስምንት ወር መንዳት ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ቢያንስ ሁለቴ፣ ሦስት ሦስት ቀን፣ ዕቃህን ሁሉ ጭነህ ውጣ። ውጭ እደር። በዝናብ ነድተህ፣ እርጥብ ልብስ ለብሰህ፣ ሌሊት ጎማ ቀይረህ እየው። የሚያመው ቦታ የት እንደሆነ የምታውቀው ያኔ ነው። አዲስ ጫማ፣ አዲስ መቀመጫ፣ አዲስ ቁምጣ በውድድር ቀን አይጀመርም።

4. መቀመጫ። ይሄን ማንም በግልጽ አያወራውም፣ እኔ ላውራው። መቀመጫ ላይ የሚወጣ ቁስልና እባጭ ብዙ ጠንካራ ሰዎችን ከውድድር አስወጥቷል። የሳይክል ቁምጣ ከስሩ ፓንት አይለበስበትም። ሁለት ቁምጣ ያዝ፤ በየቀኑ ታጠብ፣ ቆዳው ይድረቅ፣ መፋተጊያው ላይ ቫዝሊን ወይም ለዚሁ የተሠራ ቅባት ተቀባ። ብልትህ አካባቢ ከደነዘዘህ ነርቩና የደም ሥሩ እየተጫነ ነው፤ ተነስተህ ንዳ፣ መቀመጫውን አስተካክል። «ያልፋል» ብለህ አትቀመጥበት።

5. እጅና አንገት። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት መደንዘዝ ከጀመሩ መዳፍ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ተጭኗል ማለት ነው። የእጅህን አያያዝ በየ10 ደቂቃው ቀይር፣ ወፈር ያለ ጓንት አድርግ። ችላ ከተባለ ከውድድሩ በኋላ ሸሚዝ መቆለፍ እስኪያቅት ለሳምንታት ይቆያል። አንገት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ቀናት ሙሉ ቀና ብሎ ከማየት የተነሳ የአንገት ጡንቻ ራስን መሸከም የሚያቆምበት ሁኔታ አለ። የሸርመር አንገት ይባላል። ስያሜው በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካን በሚያቋርጠው ውድድር ላይ ይሄ ከደረሰበት ማይክል ሸርመር የመጣ ነው። ራስህን በእጅህ ደግፈህ መንዳት ከጀመርክ ውድድሩ አብቅቷል፤ መንገዱን ማየት የማይችል ሰው አይነዳም። መከላከያው አሁን ነው፦ የአንገትና የትከሻ ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ፣ መሪውንም ትንሽ ከፍ ማድረግ።

6. ስንቅ። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሃል፤ የለመደ ሆድ እስከ 90 ይችላል። ግማሽ ሊትር ኮካ 53 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ ደግሞ 25 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት። እዚህ ገጽ ላይ ኮካ ስመክር የመጀመሪያዬ ነው፤ ሶፋ ላይ ለምትጠጡት አይደለም! በሶና ዳቦ ቆሎም የድሮ መንገደኛ ስንቅ ናቸው፤ አይበላሹም፣ ይታሰራሉ። ግን በልምምድ ጊዜ ሞክረው፤ ገብስ አሰር ስላለው አንዳንዱን ሆድ ይነፋል።

ደግሞ ውድድሩ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ስለሆነ፣ ሁለት ሳምንት የሚፈጅበት ሰው ነሐሴ 1 የሚገባው ጾመ ፍልሰታ ላይ ይደርሳል። የጾም ምግብ በልቶ መንዳት ይቻላል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይበሉ 200 ኪሎ ሜትር መንዳት ግን አደገኛ ነው። ይሄን ከንስሐ አባትህ ጋር አስቀድመህ ተነጋገር።

7. ውኃ። ሲጠማህ ጠጣ። ብዙ ውኃ ያለ ጨው በላይ በላይ መጠጣትም ይጎዳል፤ የደም ሶዲየም ይወርድና ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መወናበድ ያመጣል። ከፋርማሲ ጥቂት የኦ አር ኤስ ከረጢት ያዝ። ካለቀብህ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ማንኪያ ልክክ ብሎ፣ አሟሟ። ለተቅማጥ የምንጠቀምበት ያው ነው።

8. የሕመም ማስታገሻ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በዚህ ጉዞ ላይ ጓደኛህ አይደሉም። ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ጨጓራንም ያደማሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ቁም» የሚልህን ሕመም ዝም ያሰኛሉ። ሽንትህ ኮካ ወይም ጥቁር ሻይ ከመሰለ፣ የደረት ሕመም ከመጣ፣ ቁጭ ብለህ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ወድቀህ ራስህን ከመታህ ውድድሩ አበቃ፤ 112 ደውል። በመላው የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይሠራል።

9. ምርመራ። ከመሄድህ በፊት ሐኪም ጋ ቅረብ። ደም ግፊት፣ የልብ ምርመራ፣ የቤተሰብ ታሪክ። በተለይ ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ወይም ስፖርት ስትሠራ ራስህን ስተህ ታውቅ ከሆነ አትደብቅ።

ቫይታሚኑስ? ምርመራው እጥረት ካላሳየ ምንም አያስፈልግህም። የጠየቅከኝ ቫይታሚን ስሙ እንቅልፍ ነው፤ ፋርማሲ አይሸጥም።

ከዚያስ ምን አለ?

መጀመሪያ ተናደደ። «ዶክተር፣ እንዲህ ከሆነ እኮ መቶኛ ነው የምወጣው» አለኝ። እኔም «ሊሆን ይችላል። ልጅህ ስንተኛ እንደወጣህ ትጠይቅሃለች?» አልኩት። ለሁለት ቀን ዝም አለኝ።

በሦስተኛው ቀን የተስተካከለ እቅድ ላከ። «እንቅልፍ» የሚል ራሱን የቻለ ገጽ አለው። ሌሊቶቹ በቁጥር ተዘርዝረዋል፣ ከተሞቹ ተመርጠዋል። ከሥሩ እንዲህ ጽፏል፦ «አንድ ነገር ይቀረኛል። ባለቤቴ ሌሊት ነጥቧ ስትቆም ካየች መኪና የገጨኝ ይመስላታል። እንዳትደነግጥ ብዬም ነበር ላለመቆም ያሰብኩት።»

ያን ሳነብ ትንሽ አዘንኩ። ሰውየው ቤተሰቡ እንዳይጨነቅ ብሎ ነው ሊሞት የነበረው። እንዲህ አልኩት፦ «የእንቅልፍ ገጹን አትመህ ፍሪጁ ላይ ለጥፍላት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነጥቧ ከቆመች አባባ ተኝቷል ማለት ነው። ልትጨነቅ የሚገባት በዚያ ሰዓት ነጥቧ ስትንቀሳቀስ ካየች ነው። ያኔ ደውላ ትቆጣህ!»

ውድ ቤተሰቦች፣ ብዙዎቻችሁ አውሮፓን በሳይክል አታቋርጡም። ግን ከመካከላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ጠዋት ደሴ ወይም ሐዋሳ የሚገባ አለ። ከአዳር ተረኝነት ወጥቶ መኪና የሚያስነሳ ነርስ አለ። ቀን ቢሮ ውሎ ማታ በራይድ የሚሠራ አለ። ዱባይ ወይም ሪያድ በሁለት ፈረቃ መካከል ሦስት ሰዓት የሚተኛ አለ። አንዳንዱ ምርጫ የለውም፣ አውቃለሁ፤ እንጀራ ነው። እንቅልፍ ማጣትን ግን ጉብዝና አናድርገው። «ደህና ነኝ» ከማለታችሁ በፊት ከተነሳችሁ ስንት ሰዓት እንደሆነ ቁጠሩ። 17 ካለፈ ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጡ፣ ሌላ ሰው ከሌለ መኪናውን አስተማማኝ ቦታ አቁማችሁ 20 ደቂቃ ተኙ።

እኔን ያተረፈኝ ዕድል ነው። ዕድል እቅድ አይደለም።

እናንተስ? ደክሟችሁ ነድታችሁ «ተረፍኩ» ያላችሁበት ቀን አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የናንተ ታሪክ ሌላውን ሰው ሊያስቆመው ይችላል። ሌሊት የሚነዳ ወዳጅ ካላችሁ ይሄን ሼር አድርጉለት። ምክሩ አጠቃላይ ነው፤ የተለየ የጤና ችግር ያለባችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።

መልካም ጤና፣ መልካም እንቅልፍ!